ከፊርማው በፊት ወረቀቷን! አድቫይዘር (አማካሪ መምህር) ጋ ለምትሄዱ የሂዩማኒቲስ ተማሪዎች

ምዝገባ ሲከፈት ደሴ ጠዋት ጠዋት ብርድ ናት። ጦሳ ተራራ ጉሙን እንደለበሰ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው የዘጉ ልጆች የምዝገባ ስሊፕ ይዘው ይሰለፋሉ። ተራ ይደርሳል። "መምህር፣ ይፈርሙልኝ።" እፈርማለሁ። "አመሰግናለሁ መምህር።" ወጣ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። የሴሚስተሩ ምክር ይቺው ናት።

ዓመታት እንዲህ ፈርሜያለሁ። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ ነው አልልም፤ አንድ መምህር ሥር ብዙ ልጅ ይመደባል፣ የምዝገባው ቀን ደግሞ ሁለት ወይ ሦስት ነው፣ መምህሩ ያንኑ ሰሞን ኮርስ ያዘጋጃል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ የባለፈውን ግሬድ ገና አላስገባህም ተብሎ ይጨቀጨቃል። ስለዚህ የተጣደፈ መምህር ፊት አሥር ደቂቃ ብታገኙ ምን ይዛችሁ ገብታችሁ ምን ይዛችሁ እንደምትወጡ ልንገራችሁ። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው ኮርሶቻችሁን በሙሉ ከነግሬዳቸው በእጃችሁ በምትጽፉባት አንድ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቷን ይዞ የመጣን ልጅ ዝም ብሎ ፈርሞ ማሰናበት ይከብዳል። እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

1. መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት

ሦስተኛ ዓመት ደርሶ "አድቫይዘርህ ማነው?" ሲሉት ጓደኛውን የሚያይ ልጅ ብዙ ነው። ዝርዝሩ የዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ አንዳንዴ በክላስ ተወካዩ በኩል በቴሌግራም ይላካል። ካጣችሁት የዲፓርትመንቱን ጸሐፊ ጠይቁ። በነገራችን ላይ ከጸሐፊዋ ጋር ተግባቡ። የትኛው መምህር መቼ ቢሮ እንደሚገባ ከዲፓርትመንት ሄዱም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ከምዝገባው ቀን ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ ወይም ምዝገባው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ። በዚያች ቀን ብቻ ለምክር አትሂዱ። አርብ ከሰዓትም አይመከርም፤ ከጁምዓ በኋላ ከተማው ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ከኮምቦልቻ እየተመላለሳችሁ በማታ ወይ በቅዳሜና እሑድ የምትማሩ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ጉም አስቡበት። ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ይዞ 4 ተኩል የሚደርሰው ልጅ ሁሌ ምክንያቱ አንድ ነው፤ እውነቱንም ነው፣ ዳገቱ ላይ መኪናው ይንፏቀቃል። 5 ሰዓት በሉና ተገላገሉ።

መልእክት ስትልኩ "ሰላም መምህር" ብላችሁ አትጥፉ። ማታ 4 ሰዓት "ሰላም ቲቸር" ይላል፣ "ሰላም" እላለሁ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ዝም። አንድ ላይ ጨርሱት፦ "ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሦስተኛ ዓመት የአማርኛ ተማሪ ነኝ፣ መለያ ቁጥሬ ይሄ ነው። አንድ ኤፍ አለብኝ፣ መቼ እንደምወስደው ለማማከር ነበር። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ከሰዓት ቢሮ ይኖራሉ?" በቃ። መልሱ አንድ ቃል ይሆናል።

2. ወረቀቷ

ከደብተራችሁ አንድ ሉክ ቅደዱ። በቁም አምስት ቦታ አስምሩት። የኮርሱ ስም፣ ኮዱ፣ ክሬዲቱ፣ ያመጣችሁት ግሬድ፣ መጨረሻው ባዶ ይሁን። ከዚያ ዲፓርትመንት ሄዳችሁ የኮርስ ብሬክዳውኑን፣ የዲግሪውን ኮርሶች ሙሉ ዝርዝር ማለቴ ነው፣ ፎቶ አንሱ። የእናንተን ባች! ካሪኩለም ይቀየራል። ከእናንተ የሚበልጥ ልጅ የወሰደው ኮርስ ለእናንተ ላይኖር ይችላል፣ ወይ ስሙ ያው ሆኖ ክሬዲቱ ሌላ ነው። በ2012 የፍሬሽማን ዓመት ተመልሶ ሲመጣ የሦስት ዓመቱ ዲግሪ አራት ዓመት ሆኗል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተመረቀ ዘመድ የሰጣችሁ ዝርዝር ለትዝታ እንጂ ለምዝገባ አይሆንም።

አሁን ብሬክዳውኑ ላይ ያለውን ኮርስ በሙሉ፣ ከፍሬሽማን እስከ ሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ)፣ በእጃችሁ ጻፉት። በእጅ የምላችሁ ሆን ብዬ ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶ ይታያል እንጂ አይነበብም። የወሰዳችሁትን ግሬዱን ሙሉበት። ያልወሰዳችሁትን ክበቡ። ኤፍ ወይም ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ ውጤት) ያለበትን ሁለቴ ክበቡ። ባዶው ቦታ ላይ "ይሄ ኮርስ መቼ ነው የሚሰጠው? ከእሱ በፊት ምን ይፈልጋል?" የሚለውን ሙሉ።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጨቀጭቅ ልንገራችሁ። እኔ በተማርኩበት ግቢ፣ ስሙ ይቅር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የአድቫይዘሬን ቢሮ አላውቀውም ነበር። ስሊፑን ተወካያችን ሰብስቦ ያስፈርምልናል፣ እኛ ላውንጅ ማኪያቶ እንጠጣለን። የመጨረሻው ዓመት መጣ። ሱፉ ተሰፋ። እናቴ ጠላ ጠመቀች። ሬጅስትራር መስኮት ላይ "አንድ ኮርስ ይጎድልሃል" ተባልኩ። ባለ 3 ክሬዲት! ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህር ጠፍቶ "ወደፊት ይሰጣል" ተብሎ የታለፈ ኮርስ ነው፤ ሌሎቹ ክረምት ላይ ወስደውታል፣ እኔ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ነበር፣ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጓደኞቼ ጋዋን ለብሰው ሲሰለፉ ካሜራ ይዤ ፎቶ ሳነሳላቸው ዋልኩ። ጠላውን ጎረቤት ጠጣው።

የግሬድ ሪፖርታችሁንም በየሴሚስተሩ አትማችሁ ወይ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፣ አንዱን ኮፒ ቤተሰብ ጋ ላኩት። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የስንቱ ፋይል እንደተበተነ እዚህ ያለ ሰው ያውቀዋል። ሲስተሙ ላይ አለ ብሎ መተማመን ደስ ይላል፤ ወረቀት የያዘ ሰው ግን ጭንቀቱ ቀላል ነው። የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ውላችሁንም በየዓመቱ ፈርሙና ኮፒውን እዚያው ፋይል ውስጥ ክተቱ። ዋናውን ዲግሪ ልታወጡ ስትሄዱ ትፈለጋለች።

3. ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት

የሂዩማኒቲስ ልጅ ሂሳብ ሲባል ይሸሻል። ይቺ ግን የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ናት።

ኤ 4 ነው፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ዜሮ። በመሃል ቢ ፕላስ 3.5፣ ሲ ፕላስ 2.5 እያለ ይሄዳል፤ የግቢያችሁን ሰንጠረዥ እዩ። እያንዳንዱን ግሬድ በኮርሱ ክሬዲት ታባዛላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ ለጠቅላላ ክሬዲቱ ታካፍላላችሁ። ብዙ ልጅ የሚሳሳተው ክሬዲቱን ረስቶ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ኤ፣ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ሲ ብታመጡ አማካዩ ቢ ይመስላል። አይደለም። 3 በ4 12፣ 5 በ2 10፣ ድምሩ 22፣ ለ8 ሲካፈል 2.75 ነው። ስለዚህ ለፈተና ስታጠኑ ለሚቀለው ኮርስ ሳይሆን ክሬዲቱ ለከበደው ሌሊቱን ስጡት።

ውጤታችሁ ከ2.00 በታች ከሆነ ይሄኛው ስሌት ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። በመጀመሪያው ሴሚስተር በ30 ክሬዲት 1.80 አመጣችሁ እንበል። 54 ነጥብ አላችሁ ማለት ነው። በ60 ክሬዲት 2.00 ላይ ለመቆም 120 ያስፈልጋል። የቀረው 66 ነው፣ ለ30 ሲካፈል 2.20። ይቻላል! ሁለት ቢ እና ሌላው ሲ ቢሆን ታልፉታላችሁ። ግን ሦስት ሴሚስተር ተኝታችሁ በ90 ክሬዲት 1.85 ላይ ከሆናችሁ 166.5 ነጥብ ነው ያላችሁ፤ በ120 ላይ 240 ለመድረስ በአንድ ሴሚስተር 2.45 ማምጣት ሊኖርባችሁ ነው። ጉድጓዱ በየሴሚስተሩ ይጠልቃል። አብሽሩ እላለሁ፣ ግን ቁጥሩን አይታችሁ አብሽሩ። ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) መቼ ይመጣል፣ ከግቢ የሚያስወጣው ስንት ነው፣ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) ለማን ይፈቀዳል የሚለው የየዩኒቨርሲቲው ሌጂስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) ላይ ተጽፏል። አድቫይዘራችሁን "ገጹን ያሳዩኝ" በሉት። አይከፋውም።

4. ቢሮ ስትገቡ

ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አድርጉና የከበባችሁትን አሳዩ። "ምን ይመክሩኛል?" ብሎ መጀመር አይጠቅምም። እንዲህ ያለ ጥያቄ "በርታ፣ አንብብ" ከሚል መልስ በላይ አያመጣም፣ እኔም ሲቸግረኝ እንደዚያው እላለሁ። ቁርጥ ያለ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ "ይሄ ኤፍ ያለበት ኮርስ በሚቀጥለው ዓመት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ እስከዚያ ይሄኛውን መውሰድ እችላለሁ ወይስ ፕሪሪኩዚት ነው?"

ይቺን ጥያቄ አጉልቻታለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ዓመት የምትበላው እሷ ናት። አብዛኛው ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚከፈተው። በአንደኛ ሴሚስተር የወደቃችሁት ኮርስ በሁለተኛው የለም። እሱ ለሌላ ኮርስ መግቢያ (ፕሪሪኩዚት) ከሆነ ያኛውም ይገፋል፣ ያኛውም ሌላውን ይጎትታል፣ ሳታውቁት ከባቻችሁ ወደኋላ ቀራችሁ። ወረቀቷ ላይ በቀስት ስታያይዙት ወዲያው ይታያል። አድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መጣል) ደግሞ የሚሠራው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። በስምንተኛው ሳምንት "መምህር፣ ይሄን ኮርስ ላውጣው?" ብላችሁ ብትመጡ እኔም ዲኑም ምንም አናደርግላችሁም።

ሌላው በየዓመቱ የሚመጣው ጉዳይ "ዲፓርትመንቱን አልፈለግኩትም" ነው። ሕግ ወይ ማኔጅመንት ሞልቶ ታሪክ ወይ አማርኛ የደረሰው ልጅ ፊቱ ያስታውቃል። አንዷ ቢሮዬ ቁጭ ብላ እያለቀሰች "ቤተሰቤ አማርኛማ እዚሁ እናወራዋለን ይሉኛል" አለችኝ። ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። መቀየር የሚቻልበት መንገድ ካለ መስፈርቱን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፤ የሚወስነው ባዶ ቦታና ውጤት ነው። ማመልከቻ አስገቡ፣ መልሱ እስኪመጣ ግን ክላስ ግቡ። ይቀየርልኛል ብሎ ክላስ የቀረ ልጅ ሁለቱንም ሲያጣ አይቻለሁ። የመቀየሪያ መስፈርቱ ራሱ ውጤት ነው እኮ! ሳይቀየር ቢቀር ደግሞ ከወዲሁ ስለ ሥራው ጠይቁ። ማስተማር ከፈለጋችሁ ከዲግሪው በላይ የመምህርነት ሥልጠና ያስፈልጋል፣ ፒጂዲቲ የሚባለው። ሬዲዮ የምትወዱ የከተማው ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ደጃችሁ ናቸው። ሂዱና ልሥራ በሉ፣ ያለ ክፍያም ቢሆን።

5. ግሬድ ሲበላሽ፣ ሰው ሲታመም

ግሬዱ አልመጣጠን ካላችሁ መጀመሪያ ኮርሱን ያስተማረውን መምህር አናግሩ። ዲን ጋ መጀመሪያ አትሩጡ። የሚድ፣ የአሳይንመንት፣ የፋይናል ውጤታችሁን ለየብቻ ጽፋችሁ ሂዱ፤ "ከ50 ይሄን አግኝቻለሁ፣ ፋይናሉን ማየት እችላለሁ?" በሉ። እኔ ራሴ አንዴ የአንዷን ልጅ የፋይናል ውጤት ኤክሴል ላይ ከበላይዋ ላለው ልጅ ሞልቼዋለሁ፤ ልጁ ሳይጠይቅ ኤ በላ፣ እሷ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ቁጥሯን ይዛ መጥታ አስተካከልን። ቁጥር ባትይዝ ኖሮ "ሁሉም እንደዚያ ይላል" ብዬ እመልሳት ነበር፣ አልዋሽም። መምህሩ ካልተስማማ በጽሑፍ ለዲፓርትመንቱ ታመለክታላችሁ። ጊዜው አጭር ነው፣ ግሬዱ በወጣ ሳምንት ተንቀሳቀሱ።

ከታመማችሁ ወይም ሐዘን ከገጠማችሁ ዝም ብላችሁ ወደ አገር አትሂዱ። ፈተና የቀረባችሁ ከሆነ ሜክአፕ (ምትክ ፈተና) ለመጠየቅ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። መቀጠል ካልቻላችሁ ዊዝድሮው (የማቋረጫ ፎርም) ሙሉ፣ ክሊራንስ አዙሩ፦ ላይብረሪው፣ ዶርሙ፣ ካፌው ሁሉ ይፈርምላችኋል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። በወረቀት የወጣ ልጅ ሲመለስ ያመለክታል፤ እንዲሁ የጠፋ ልጅ ግን ሲመለስ ኤፍ ተደርድሮ ይጠብቀዋል።

6. ሲኒየር ኤሴይ

ይሄን በስፋት ልበል፤ ምክንያቱም የሂዩማኒቲስ ልጅ የሚለየው እዚህ ነው። ርዕስ ይዛችሁ የምትመጡት አራተኛ ዓመት ከገባችሁ በኋላ ከሆነ ዘግይታችኋል። ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት አምጡት፤ ክረምቱን አገር ቤት ቁሱን ትሰበስባላችሁ።

አንድ ልጅ መጣ።

"ምን ልትሠራ አሰብክ?"

"የወሎ ሕዝብ ባህላዊ እሴቶች፣ መምህር።"

"የወሎ ሕዝብ ሁሉ? ብቻህን? በአንድ ሴሚስተር?"

ዝም።

"አያትህ የት ናቸው?"

"ባቲ።"

"ምን ይሠራሉ?"

"ሰኞ ሰኞ ገበያ ወጥተው ቅቤ ይሸጣሉ።"

"ሲከራከሩ ምን ይላሉ? ለአፋሩ ገዢና ለኦሮሞው ገዢ የሚያወሩት አንድ ነው?"

ፈገግ አለ። "ኧረ አይደለም! ቋንቋውንም ይቀያይራሉ።"

ርዕሱ እሱ ነበር። የባቲ የሰኞ ገበያ፣ የቅቤ ተራ፣ የዋጋ ክርክር፣ ቋንቋ መቀያየር። አራት ሰኞ ሄዶ መዘገበ፣ ፈቃድ እየጠየቀ። አያቱ ዋና መረጃ ሰጪ ሆኑ፣ "ቁም ነገር መሰለህ ይሄ?" እያሉ።

ለእናንተም ያው ነው። "መንዙማ" ትልቅ ነው፤ በአንድ ሰፈር፣ በመውሊድ ሰሞን፣ ከአንድ ባለ መንዙማ አፍ የሚሰማው ይበቃል። "የወሎ ዘፈን" ትልቅ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ እዚሁ ባለ አገር ስም ይጠራሉ፣ ከአንዱ ተነስታችሁ አምስት ግጥም ብትመረምሩ በቂ ነው። የታሪክ ልጆች ደግሞ አይጠየፍ አዳራሽን በየቀኑ ታልፉታላችሁ። ስለ አሠሪው ስለ ንጉሥ ሚካኤል በጠቅላላው ከምትጽፉ ስለዚያች አዳራሽ ሽማግሌዎች የሚያወሩትን ሰብስቡ።

አማካሪው ረቂቁን እንዲያነብላችሁ ሙሉውን እስክትጨርሱ አትጠብቁ። አምስት ገጽ ስትደርሱ ስጡት፣ የሚመለስበትን ቀን ተስማሙ፣ በቀኑ ሂዱ። አሁን አሁን ቻትጂፒቲ ያሠራውን ይዞ የሚመጣ አለ። "የባቲ ገበያ በማኅበረሰቡ ዘንድ ዘርፈ ብዙ ፋይዳ ያለው" እያለ አሥር ገጽ ይሄዳል፤ ቅቤ የምትሸጥ አንዲት ሴት ግን የለችበትም። ሁለት ጥያቄ ከጠየቅሁ በኋላ ሁለታችንም እናፍራለን።

7. ኤግዚት ኤግዛም

ከ2015 ጀምሮ ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይሄን የመውጫ ፈተና ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ የወደቀ ድጋሚ መቀመጥ ይችላል። ወረቀቷ እዚህም ትሠራለች። ዲፓርትመንታችሁ ፈተናው የሚያተኩርባቸውን ኮርሶች ዝርዝር ይሰጣችኋል፤ እነሱን ወረቀቷ ላይ በሌላ ቀለም አስምሩ፣ ከእነሱ ውስጥ ሲና ከዚያ በታች ያመጣችሁባቸውን ለዩና ከእነዚያ ጀምሩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ የተማራችሁትን ሃንድአውት ጂሲ (ተመራቂ) ስትሆኑ ለመፈለግ አትነሱ። ዶርም ስትለቁ ለሱቅ መጠቅለያ አትስጡት። አይቻለሁ፣ የሥነ ልሳን መግቢያ ኖቴን ከሰፈሬ ሱቅ የሁለት ብር ቆሎ ተጠቅልሎበት አግኝቼዋለሁ።

8. ከቢሮው ስትወጡ

ኮሪደሩ ላይ ቁሙና ወረቀቷን ገልብጡ። ጀርባዋ ላይ ቀኑን፣ የተባላችሁትን፣ እናንተ ምን ልታደርጉ እንደተስማማችሁ፣ መምህሩ ምን እንዳለ ጻፉ። በሁለት መስመር። በሚቀጥለው ሴሚስተር ስትመጡ አዲስ ሉክ አትቅደዱ፣ ያቺኑ አምጡ። መምህሩ ስማችሁን ረስቶት ይሆናል፤ የራሱን ቃል ከጀርባዋ ሲያነበው "አሃ፣ አንቺ ነሽ!" ይልና ወንበሩን ይስብላችኋል።